ማሙሽ የላከው ጨው

ትንሿ አልቃለች። መደርደሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሶስ ነው፤ ቀዩ አለ፣ ቢጫው አለ፣ ጥቁሩ በረጅም ጠርሙስ አለ፣ ማር የጨመሩበት አለ፣ ጢስ ጢስ እንዲል ያደረጉት አለ፣ ሰናፍጭ ብቻ ሰባት ዓይነት ተደርድሯል፤ እሱ የሚፈልጋት ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ክዳኗ የተበሳሳው፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባዋ ትንሿ፣ እሷ ብቻ የለችም። ይህን ሁሉ ካቻፕ ትተው እሷን ጠርገው የወሰዱ እነማን ናቸው? ሌሊቱን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ሲተኩስ አድሯል፤ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስለዋል። ትናንትም አልተኛም፣ ከትናንት ወዲያም አልተኛም፤ ቀን ቀን መጋረጃውን ዘግቶ ይጋደማል እንጂ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከተወው ከርሟል። ከሰዓት በኋላ መንገደኛዋ ትነሳለች። አብሮት የሚሠራ ሰው ሚስት ናት፤ ሻንጣዋ ውስጥ የጫማ ካርቶን የምታህል ቦታ ለቅቃለታለች፣ ያቺን ቦታ የሚሞላው ደግሞ ለእህቱ የሚላከው ጨው ያልሆነ ጨው ነው። ትንሿ ከሌለች ትልቋን ይወስዳል፣ ምን ችግር አለው፣ እንዲያውም «ማሙሽ ትልቁን ላከልኝ» ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ታሰማለች። እጁን ዘረጋ።

ማሙሽ የሚሉት የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው። ራሱ ተመልጧል፣ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ይንቋቋል፤ ለታላቅ እህቱ ለእትዬ ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፣ ራሷም ገና ልጅ ሳለች። ስልክ ላይ «ኩላሊትሽ ደክሟል አሉኝ» ብላ የነገረችው ጎረቤት የታመመ ያህል ነበር። «ጨው ተከልክያለሁ። ሙዝ ተከልክያለሁ። ብርቱካን ተከልክያለሁ። ምን ቀረኝ? አየር።» ትስቃለች፣ እሱም ሙዝ ደግሞ ምን አጠፋ ብሎ ይስቃል። ከዚያ ሳቁ ቀረ። መብላት አቆመች። ሣር የማኝክ ይመስለኛል እያለች ሳህኑን ትገፋለች፣ ልብሷ ሰፋት፣ ድምጿ ስልኩ ውስጥ ቀጠነ፣ ዘመድ አዝማዱም ተራ በተራ እየደወለ ያው አንድ ነገር ይለዋል፦ አንተ ያለህበት የሌለ ነገር የለም፣ እባክህ አፏ ላይ የሚጥማት ነገር ፈልግላት። የሌለ ነገር የለም! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ለጉልበት የሚቀባ ፈልግ፣ ለዓይን የሚንጠባጠብ ፈልግ፣ ለራስ ምታት ያንን ያለፈውን ላክ፣ አንተ ያልከው ይሻላል፣ አንተ አገሩን ታውቀዋለህ። የቱን አገር? የሚያውቀው ከክፍሉ እስከ ሆቴሉ ምድር ቤት ያለውን መንገድና ይህን ሱቅ ነው። ግን አንድ ቀን እንኳ አላውቅም ብሎ አያውቅም፤ ሲጠይቁት ደረቱ ይነፋል፣ ይጣፍጠዋል፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ ሌላ የሚጣፍጠው ነገርም የለውም።

ያን ቀን፣ የዛሬ ወር፣ እዚሁ ቦታ ቆሟል። ካቻፑን ያነሳል፣ ጨው አለው፣ ይመልሰዋል። ጥቁሩን የአኩሪ አተር ሶስ ያነሳል፣ እሱማ ጨው በጠርሙስ ነው፣ ይመልሰዋል። ማዮኔዙን፣ ሰናፍጩን፣ ቅመም የገባበትን አቼቶ፣ ሁሉንም እያነሳ ይመልሳል፤ ሰዎች በጋሪያቸው ቂጥ ቂጡን እየነኩት ያልፋሉ፣ እሱ ግን ንቅንቅ አይልም፣ ምክንያቱም እትዬ አንድ የምትወደው ነገር አግኝታ ስትበላ በዓይነ ኅሊናው እያየ ነው። ከዚያ ነጯ ዕቃ። ደረቷ ላይ በሰማያዊ፣ በጉልህ፦ ሶዲየም የሌለው። ከጨው የሚጎዳው ሶዲየሙ መሆኑን ያውቃል፣ ያንን እንኳ ያውቃል፤ ሶዲየም ከሌለው በቃ! እነዚያ ዶክተሮች ወር ሙሉ ያላገኙትን እሱ በአንድ ሰዓት አገኘው። በዚያው ሳምንት በሌላ መንገደኛ ላከው፤ አንሶላ የሚተኩስበት የሆቴሉ ላውንድሪ ውስጥ የሚያፍነው እንፋሎት እንኳ ያን ሌሊት ቀለለው።

ታዲያ አላስጠነቀቁህም ወይ ቢባል አስጠንቅቀውታል። የእህቱ ልጅ ነርስ ናት፤ እናቷን ቤት ውስጥ የምታስታምመው፣ ውኃዋን በብርጭቆ የምትለካው እሷ ናት። ሊልክ መሆኑን የነገራት ዕለት አልፈነደቀችም። ያ ነው መጀመሪያ ያናደደው።

«ጋሼ፣ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» አለችው።

«ለምን?»

«ምን ምን እንዳለበት ልየው ብዬ ነው። ጨው የለውም ማለት'ኮ ለኩላሊት ይሆናል ማለት አይደለም።»

ቱግ አለ። ምን እንዳለ ዛሬም ቃል በቃል ያስታውሰዋል፣ ያልተኛባቸውን ቀኖች ሁሉ ጣሪያው ላይ ሲያነበው ነው የከረመው። «አንቺ ልጅ! አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ኖሬ የሚበላና የማይበላ ልታስተምሪኝ ነው? እዚህ አገር ያልተፈተሸ ነገር አይሸጥም! ጓንት አጥታችሁ በባዶ እጃችሁ የምትሠሩ ሰዎች ለእኔ ስለ ጤና ትነግሩኛላችሁ?» አለ። አዎ፣ የጓንቱን ነገር አነሳ። እሷው በጭንቀት ያጫወተችውን፣ ጓንት አልቆ እንዴት ተሳቃ እንደዋለች አምናው የነገረችውን መልሶ ፊቷ ላይ ወረወረው። እሷ «እሺ ጋሼ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

እና አሁን፣ በዚህ ጠዋት፣ ትልቋን ዕቃ አነሳ። ትልቅ ናትና ጀርባዋ ላይ ያለው ጽሑፍም ትልቅ ነው። ትንሿ ላይ ጉንዳን የሄደበት የሚመስለው መስመር እዚህ ያለ መነጽር ይነበባል። ሊያነብ ብሎም አልነበረም፤ ዋጋዋን ሲፈልግ ገለበጣት። ውስጧ ያለው፦ ፖታሲየም ክሎራይድ። ፖታሲየም። ይህን ቃል የት ነው የሚያውቀው? ሙዙ! ሙዝ የተከለከለችው በፖታሲየም አይደል? ብርቱካኑስ? ደከመ የተባለ ኩላሊት ያንን ማስወጣት አይችልም፣ ደም ውስጥ ይጠራቀምና ልብ ያቆማል፣ ይህንንም ነርሷ ነግራዋለች፣ አንድ ጊዜ አይደለም፣ እሱ ግን እ እ እያለ ነበር የሚሰማት። ከሥሩ ደግሞ በሳጥን ውስጥ፦ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንዳይጠቀሙ። ክው አለ። ሙዝ ከልክለዋት እሱ ፖታሲየሙን ራሱን፣ በነጭ በነጩ፣ በማንኪያ አበላት። ወር ሙሉ። አዝላ ያሳደገችውን ሴት።

ወደ መደርደሪያው ጫፍ የሱቁ ሠራተኛ ጠርሙስ ትደረድራለች፤ ጠና ያለች ሴት ናት፣ ሰማያዊ ሰደርያ ለብሳለች። ዕቃዋን ይዞ ደረሰባትና በዚያ በተሰባበረ ቋንቋው ጮኸባት። «ይህ ለምን ከጀርባ ይጻፋል? ሰው የሚገድለው ነገር ከጀርባ፣ ማስታወቂያው ከፊት?»

ሴትዮዋ ዕቃዋን አየች፣ እሱን አየች። «ጌታዬ፣ እኔ እደረድራለሁ እንጂ አልጽፍም።»

«የሚገዛው ሰው ቢታመምስ?»

«የሚገዛው ሰው አያገላብጥም?» አለችና ወደ ጠርሙሶቿ ዞረች።

አያገላብጥም! ሊያገላብጥለት የፈለገ ሰው ነበረው፣ ፎቶ ላክልኝ ያለው ሰው ነበረው፣ አንድ ፎቶ፣ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ። ዕቃዋን የአቼቶው መሐል ወሽቋት ወጣ፣ ሱቁ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ስልኩን አወጣ። የእትዬ ስልክ ዝግ ነው። የነርሷ ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና። ይጠራል፣ አይነሳም። ተረኛ ትሆናለች፣ ወይ ስሙን አይታ ጠልታ ትተዋለች፣ ብትተወውስ ማን ይፈርድባታል? ባለፈው ሳምንት እትዬን ያናገራት ጊዜ ምን ነበር ያለችው? ያንተን ነገር ከቀመስኩ ወዲህ ሰው ሆንኩ፣ ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ደስ ይላል ነበር ያለችው። ሎሚ? ያ ነገር ምንም ሽታ የለውም፤ በሽታው ምላሷን አበላሽቶታል ብሎ አዘነና «አዎ እትዬ፣ እዚህ እንደዛ አድርገው ነው የሚሠሩት» አላት። ከአፉ እንዲሁ ወጣ፣ እንደ ልማዱ። እግሬ ብቻ አልፎ አልፎ ይዝልብኛል አለችው፤ ዕድሜ ነው አላት። ዕድሜ ነው! እሱ ማን ሆኖ ነው ዕድሜ ነው የሚለው? እግሯ የዛለው ልቧ ሊቆም ሲል ቢሆንስ? አምስተኛ ደወለ። ስድስተኛ። ሰው በፌስታል በፌስታል ምግቡን ይዞ ይወጣል፣ ያገላበጠውንም ያላገላበጠውንም። በሁሉም ተናደደ። ከፊት በጉልህ በሚጽፉት ተናደደ፣ አንተ ታውቃለህ በሚሉት ዘመዶቹ ተናደደ፣ ጨው የሌለውን ለምዳ እንደ ሰው በማትበላው በእትዬ ተናደደ፣ በሴትዮዋ ሰደርያ ተናደደ፤ ንዴቱ ግን የትም ዞሮ የትም መጥቶ እሱው ላይ ያርፋል፣ አንድ የሚችለው ሰው ሳያገኝ። ሰባተኛ ደወለ። ላውንድሪው ውስጥ ካውያው ሲግል ቀይ መብራት ይበራል፣ እጅህን አርቅ ይላል፤ ለሰው አፍ ለምን እንዲህ ያለ መብራት አይሠሩለትም? ስምንተኛ።

ዘጠነኛውን ሊደውል ሲል እሷ ደወለች።

«ጋሼ? ስምንት ጊዜ ደውለሃል፣ ምን ሆነሃል?»

«እናትሽ የት ናት?»

«ቤት። ጎኗን አሳርፋለች። አሁን ከሥራ መግባቴ ነው።»

«ያን የላክሁትን ነገር አንሺባት! አሁኑኑ! አንዲት ቅንጣት እንዳትቀምስ፣ ሰማሽ? በሞቴ፣ ዛሬውኑ ይዘሻት ሆስፒታል ሂጂ፣ ፖታሲየም ነው፣ ውስጡ ያለው እንዳለ ፖታሲየም ነው፣ እኔ…» ትንፋሽ አጠረው። «እኔ ገደልኳት።»

ወዲያ ማዶ በር ሲዘጋ ተሰማው። ነርሷ ወደ ጓሮ የወጣች መሰለው፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ፖታሲየም መሆኑን። ዕቃው የደረሰ ዕለት ነው ያነበብኩት። በስልኬ አጉልቼ። እማዬ አልቀመሰችውም ጋሼ፣ ደፋሁት።»

አግዳሚው ወንበር አብሮት የተንቀሳቀሰ መሰለው። ተመስገን ማለት ነበረበት፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «እና ወር ሙሉ ምንድን ነው የምትበላው?»

«ነጭ ሽንኩርት አድርቄ ፈጨሁ። የሎሚ ልጣጭ፣ ቁንዶ በርበሬ ትንሽ። የኩላሊት ሐኪሟን ጠይቄ ነው። ያንተ ዕቃ ውስጥ ጨመርኩት።»

«ወር ሙሉ! ወር ሙሉ ስትመርቀኝ ዝም ብለሽ ትሰሚያለሽ? እኔን መጫወቻ አድርገሽ? ለምን አትነግሪኝም?»

«ልጠይቅህ ስል ምን አልከኝ?» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ በወደደ። «ያንኑ ነገር መጀመሪያ በራሴ ሰጥቻት ነበር። በእኛው ብልቃጥ። ነርስነትሽን እዛው ሆስፒታልሽ አድርጊው ብላ ገፋችው። በማግሥቱ ያንተ ዕቃ ውስጥ አድርጌ ማሙሽ የላከው ነው ስላት ሳህኑን ጠረገችው። ምን ላድርግ? ልንገራትና ትተወው?»

«ዋሽተሻታል!»

«አዎ። አንተስ? ሎሚ ሎሚ ይላል ስትልህ ምን አልካት? አጠገቧ ነበርኩ'ኮ፣ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነበር።»

አንዲት ሴት ጋሪዋን እየገፋች አለፈች፣ ጋሪው ላይ ሁለት ጠርሙስ ካቻፕ ይንከባለላል፣ ጠርሙሶቹን እስኪርቁ በዓይኑ ተከተላቸው።

«እግሯስ?» አለ በመጨረሻ። «ይዝልብኛል ብላኛለች።»

«ደሟ አንሶ ነው። መርፌ ጀምራለች። ፖታሲየሟን ባለፈው ሳምንት አሠርቼዋለሁ፣ ደህና ነው። ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር አለ። እማዬ ሞኝ አይደለችም። ይህ ዕቃ እንዴት ነው የማያልቀው ማለት ጀምራለች። አልቋል አልኳትና ካለቀ ማሙሽ ይልካል ብላ ከትናንት ጀምሮ እየጠበቀች ነው፣ ትናንት ማታም በደንብ አልበላችም። አዲስ ዕቃ ያስፈልገኛል። ዕቃውን ነው ያልኩህ።»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ከበስተኋላ ያ የቀጠነ ድምፅ መጣ። «ማን ነው? ማሙሽ ነው? አምጪው!» ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማው።

«ማሙሽዬ! ደህና ነህ ሆዴ? ትተኛለህ? ድምፅህ ምን ሆነ?»

«ደህና ነኝ እትዬ። ጉንፋን ነው።»

«ያ ያንተ ነገር አለቀብኝ። አልቆ አፌ መረረ፣ ምን ላድርግ? ውለታህን ምድር አትችለውም። እውነቱን ልንገርህ፣ ያንተ እጅ ባይደርስልኝ ይቺ ልጅ በሣሯ ጨርሳኝ ነበር። አይደለም እንዴ አንቺ?»

«ነው እማዬ» አለች ነርሷ፣ ከቅርብ።

አሁን መናገር አለበት። አሁን! እትዬ፣ የእኔ እጅ አይደለም፣ የእኔ እጅማ የላከልሽ መርዝ ነው፣ እጁ የዚያች ሣር የምትያት ልጅሽ ነው፣ ጓንት የሌላት እጅ፣ ብሎ ሊጮህ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ቢላትስ? እውነቱን ይናገርና ይቅለለው፣ እሷም ከነገ ጀምሮ ሳህኑን ትግፋ? አሥራ አንድ ዓመት የበላውን ምርቃት ሁሉ ዛሬ ማስመለስ አማረው፤ ሊያስመልሰው የሚችልበት ቦታ ግን እህቱ ሆድ ላይ ሆነ። እንዲህ ያለ ንዴት በሕይወቱ አያውቅም፤ የሚመታው የለም፣ የሚሰድበው የለም፣ ዝም ብሎ የሚዋጥ ንዴት ነው።

«ዕድሜ ይስጥህ፣ ክፉ አይንካህ» አለችው እትዬ።

«አሜን» አለ። «ዛሬ ይላካል እትዬ። ትልቁን ነው የምልክልሽ።»

ተመልሶ ሱቁ ገባ። ዕቃዋን የአቼቶው መሐል ከወሸቃት አወጣት፤ ሴትዮዋ በሰደርያዋ ቆማ አየችው፣ ቅድም ሰው ይገድላል ብሎ የጮኸባትን ሰው ያንኑ ገዝቶ ሲወጣ። ክፍሉ ገባ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ። የመታጠቢያው ገንዳ ላይ ክዳኗን ከፈተ፣ የታሸገችበትን ብር ወረቀት በጥርሱ ቀደደ፣ ገለበጣት። ነጩ ነገር ሲወርድ እንደ እውነተኛ ጨው ነው የሚያበራው፤ በጣቱ ነክቶ ቀመሰው፣ ጨው ይላል፣ ከዚያ ይመራል፣ እንደ ብረት። ተፋው። በሳሙና አጠባት፣ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ፣ ሆቴሉ ውስጥ እድፍ ያልለቀቀ አንሶላ ይዞ እንደሚታገለው፤ የፀጉር ማድረቂያ አምጥቶ ውስጧን አደረቀ። ያዘጋጀው የጫማ ካርቶን ውስጥ ሲያስገባት ብዙ ቦታ ተረፈ። ጓንት ልግዛላት? አንድ ካርቶን ጓንት? ለአፍታ ተነሳና ፊቱ ጋለ። አሁንም መላክ! ዘልፏት ሲያበቃ ደግሞ መላክ! ተቀመጠ። ከዚያ ዕቃዋን አውጥቶ መስኮቱ ጋ ወስዶ ጀርባዋን ወደ ብርሃኑ አዞረ፣ ጽሑፉን ከነማስጠንቀቂያው ፎቶ አነሳና ለነርሷ ላከው። የዛሬ ወር የጠየቀችውን። ሥሩ ላይ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ብዙ አሰበ፤ ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ አጠፋ፣ በመጨረሻ «ስለ ጓንቱ ይቅር በይኝ» ብሎ ላከ። ብዙም ሳትቆይ መለሰች። «እሺ ጋሼ» ይላል።

መንገደኛዋ ሻንጣዋን ዘግታ ልትጨርስ ስትል ደረሰ። ካርቶኑን ከፍታ ዕቃዋን አወጣች፤ የሰው ዕቃ ሳታይ አትይዝም፣ ልክም ናት። ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ነቀነቀቻት።

«ባዶ ነው'ኮ!»

«አዎ።»

«ረስተኸው ነው?»

«አልረሳሁም።»

«እና ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ ባዶ ዕቃ ልውሰድልህ?»

ደሙ ወደ ራሱ ወጣ። ሊጮህባት ነበር፤ አፉ ተከፍቶም ነበር። ዕቃዋን ከእጇ ተቀበለ፣ ክዳኗን እንደገና ጥብቅ አደረገ፣ መልሶ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጣት።

«ባዶዋን ውሰጂልኝ» አላት። «የምትሞላት እዛ አለች።»